የታራጎና ወሬ

ጥቅምት በገባ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ ዲላ ከገበያው ከፍ ብሎ ያለው የወይዘሮ የትምወርቅ ቤት ሰዎች ሐዘናቸውን አውልቀው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ለአንድ ቀን ነው፤ ነገ መልሰው ይለብሱታል። ፀዳለ ጥቁር ቀሚሷን አጣጥፋ ከሣጥኑ ሥር አስገባችና ከጎረቤት የተዋሰችውን ነጭ ቀሚስ ለበሰች። የተላጨው ፀጉሯ ገና ጣት አያስይዝምና በሻሽ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። እናቷ ከሞቱ አርባቸው ወጥቷል፤ ድንኳኑም ተነቅሏል፤ የዕድሩ ወንበርም ተመልሷል። ዛሬ ግን ወይዘሮ የትምወርቅ አልሞቱም። ዛሬ ጠበል ገብተዋል። እንዲህ ይባል ብለው የወሰኑት የእናቷ ወንድም አቶ ተክለማርያም ናቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጣሊያን አገር እርሻ ሲማር የቆየው ታናሽ ወንድሟ ኃይለኢየሱስ ዛሬ በአውቶቡስ ይገባልና። መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው። ከመንገድ የገባ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ድካሙን ሳያወጣ፣ እናትህ ሞተች አይባልም። ይብላ፣ ይጠጣ፣ ይተኛ፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው ይነግሩታል። አገሩ ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ማንም ክፉ ነገር አሰበ አይባልም።

ፀዳለም እንዲሁ ተቀብላው ትውል ነበር፣ እንጨት ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞራ ከእንሰቱ ወዲያ የሁለት ሰው ድምፅ ባትሰማ ኖሮ። አንደኛው አጎቷ ናቸው፤ ሌላው የእናቷ የንስሐ አባት አባ ወልደዮሐንስ።

“ባሕር ዳር ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቅ ነበር እኮ አባ!” ይላሉ አቶ ተክለማርያም። “እናቱ ስሙን እየጠራች ነፍሷ ሲወጣ፣ በቡሄ ዕለት፣ እሱ ከፈረንጅ ጋር ይንቦጫረቅ ነበር። ነገ ይህንኑ በሽማግሌ ፊት እነግረዋለሁ። ይወቀው። ዕድሜ ልኩን ይወቀው።”

“ልጁ ምን ያውቃል ብለህ ነው ተክለማርያም?”

“ልብ አይነግረውም?”

በእጃቸው የያዟት መስከረም ላይ በፖስታ የደረሰች ፖስት ካርድ ናት። ከፊቷ ሰማያዊ ባሕርና የድንጋይ ፍርስራሽ፣ ከጀርባዋ ደግሞ ታራጎና ከምትባል የእስፓኝ ከተማ በቡሄ ሰሞን የተላከች የሁለት መስመር ሰላምታ አለባት። አጎቷ ይቺን ካርድ ከደረሰች ጀምሮ ከኮታቸው ኪስ ለይተዋት አያውቁም፤ ሰው በመጣ ቁጥር አውጥተው ያሳያሉ።

ፀዳለ እንጨቱን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች። ልብማ ይንገረው፤ ሰው ግን አልነገረውም። ሐምሌ መጨረሻ ላይ የእናቷ እግር አብጦ ትንፋሽ ሲያጥራቸው፣ “ኃይልዬን ጥሩልኝ” ሲሉ፣ ቴሌግራም እንዳይመታ የከለከሉት እኒሁ አጎቷ ናቸው። መንግሥት ገንዘብ ያፈሰሰበትን ትምህርት ጥሎ ሊመጣ ነው ወይ? በባዕድ አገር ደንግጦ አንድ ነገር ቢሆንስ? ደግሞ የታመመ ሁሉ ይሞታል እንዴ? እያሉ። “እንዳይደነግጥ” እየተባለ በዚህ አገር ስንቱ እናቱን ሳይሰናበት ቀርቷል! ፀዳለም ብትሆን ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለት አትችልም። አንድ ቀን ከአጎቷ ተደብቃ እስከ ቴሌ መስኮት ድረስ ሄዳለች። ሠራተኛው “ምን ብዬ ልምታው?” ሲላት የአጎቷ ፊት ድቅን አለባትና “ይቅር፣ ተወው” ብላ ተመለሰች፤ በያዘችው ገንዘብ ማርና ሎሚ ገዝታ ገባች። ወንድሟ የሄደ ቀን ግን ከአውቶቡሱ መስኮት ላይ ሆኖ ያስማላት አንድ ነገር ብቻ ነበር። “እታለም፣ እማዬ ከባሰባት አንድ ቃል ብቻ። ከየትም ቢሆን እመጣለሁ” ብሏት፣ እሷም በእናቷ ስም ምላለታለች።

ስለዚህ እዚያው ጓሮ ላይ ቆረጠች። ነገ ጎህ ሳይቀድ፣ አጎቷ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ወንድሟን ለብቻው አግኝታ “አንተ አልቀረህም፤ እኛ ነን ያልጠራንህ” ትለዋለች። ይቅር ይበላት አይበላት አታውቅም። ሌላ ወንድም የላትም፤ አባትም የላት፤ አሁን እናትም የላት። ቢሆንም ያላጠፋውን ጥፋት አሸክማው ልትኖር አትችልም።

አውቶቡሱ የገባው ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ከሻሸመኔ ወዲህ ያለው መንገድ ጭቃው ገና አልጠነከረም። ኃይለኢየሱስ ከስቶ፣ ፊቱ ፀሐይ መቶት፣ ግራጫ ኮት ለብሶ፣ በሲባጎ የታሰረች የካርቶን ሻንጣ ይዞ ወረደ። እልል በሉ የተባሉት ሴቶች እልል አሉ። ታዞ የሚወጣ እልልታ እንዴት እንደሚያስፈራ ያልሰማው አያውቀውም፤ ሁሉም እኩል ጀምረው እኩል አቆሙ። ኃይለኢየሱስ እያንዳንዱን ሰው ሲስም ዓይኑ ከሰውየው ትከሻ በላይ ያይ ነበር። ግቢው ሲደርሱ፣ ድንኳኑ ተተክሎ የነበረበት ቦታ ሣሩ ቢጫ ሆኖ ቀርቷል፤ ካስማው የተነቀለበት ጉድጓድ የሌሊቱን ዝናብ አጠራቅሟል። አጎቷ ቤቱን ሁሉ ሲያስጠርጉ ይህን አላዩትም። ኃይለኢየሱስ ሊረግጠው ያነሳውን እግር አየር ላይ ትንሽ አቆየውና አሻግሮ አሳረፈው።

“እማዬስ?” አለ።

“ጠበል ገብታለች፤ ቡሌ፣ ደጋው ላይ” አሉ አቶ ተክለማርያም ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ። “እግሯን ትንሽ አሟት ነው። መንገዱ ተበላሽቶ ነው እንጂ ዛሬ ትደርስልህ ነበር።”

“እሰይ። እግዜር ይማራት” አለና ጎንበስ ብሎ ወደ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ እናቱ አንድም ጥያቄ አልጠየቀም።

እልፍኙ ውስጥ ወንበሮቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። የእናታቸው የብረት አልጋ የነበረበት ጥግ በመጋረጃ ተጋርዷል፤ ከመጋረጃው ኋላ አልጋው የለም። ጫማቸውና ነጠላቸው ጎረቤት ቤት ተወስዷል። ምሳ ቀረበ፤ ዶሮ ነው፤ የዶሮ ዋጋ ከዘመን መለወጫ ወዲህ ብር ከሃምሳ መግባቱን ዘመዶቹ እየተቀባበሉ አወሩ። ስለ ጀንፈል ቡና ዋጋም አወሩ፤ ዘንድሮ ነጋዴው ዋጋ እንደሰበረ፣ ዝናቡም አለቅጥ እንደዘገየ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ቀን ስለ ዋጋ አውርቶ አያውቅም። በበሩ በኩል መሬት ላይ፣ በቁራጭ ሰሌን፣ ሙሉካ ተቀምጣለች። ሙሉካ ባሏ የአቶ ተክለማርያም ጭሰኛ ነው፤ እሷ ደግሞ ለወይዘሮ የትምወርቅ ከጎረቤትም የቀረበች፣ በሕመማቸው ወቅት ሌት ተቀን ያልተለየቻቸው ሴት ናት። ጌዴኦ ናት፤ እሑድ እሑድ የሚስዮኖቹ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች። አማርኛዋ ወንዱን አንቺ ሴቱን አንተ ይላል፤ የሚታዘባት የለም። ጠዋት ይህ ሁሉ ልብስ መቀየር ግራ ቢገባት፣ “ሞተ ካሉ ሞተ ነው። ልጁን ለምን እንደ ሌባ ትጠብቂያታለሽ?” ብላ ጠይቃ ነበር፤ በእሷ ወገን ሞት በሰዓቱ ይለቀሳል። አቶ ተክለማርያም ጠጋ ብለው፣ አንዲት ቃል ከአፏ ብትወጣ የቡናው እሸት ሳይለቀም ከመሬታቸው እንደምትወጣ ነገሯት። ከዚያ ጀምሮ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነው የተቀመጠችው።

“እስቲ የፈረንጁን አገር አጫውተን” አሉ አጎቱ፣ እጃቸው ከኮታቸው ኪስ ሳይወጣ። “ትምህርቱን ከጨረስክ በኋላ የት የት ዞርክ?”

ኃይለኢየሱስ ሊነግራቸው የቸኮለ መሰለ። ፈተናው ሐምሌ ላይ አለቀ፤ መንግሥት የቆረጠለት የአውሮፕላን ትኬት ግን የመስከረም መጨረሻ ነበር። ሮማ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ሰለቸው። አብሮት የሚማር የእስፓኝ ልጅ፣ እነሱ ራሳቸውን ካታላን ነው የሚሉት፣ “ሮማ ያለው ፍርስራሽ ሁሉ እኛም አገር አለ፤ በግማሽ ዋጋ፣ ባሕር ተመርቆበት” አለው። ከባቡር ትኬቱ ሌላ ስድሳ ብር የሚሆን ገንዘብ ነበረው። ተማሪ የሚሳፈርበትን ርካሽ ትኬት፣ የመመለሻው ቀን አስቀድሞ የተቆረጠውን፣ ገዛና በሦስተኛ ማዕረግ፣ በእንጨት ወንበር፣ ዳቦውን ይዞ ሄደ። ባርሴሎና ሲደርስ አላደረባትም፤ ትልቅ ከተማ ኪስ ይበላል። ፍልሰታ ሲገባ የደረሰባት ታራጎና ግን ልክ ለእሱ ኪስ የተሠራች ናት። ባሕሩ ላይ ብቅ ባለ አለት ላይ ተቀምጣለች። የቅጥሯ የታችኛው ድንጋይ አንዱ የዚህን ክፍል ግማሽ ያህላል፤ ማን እንደቆለለው ራሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም። የሮማ ሰዎች አውሬና ሰው ያታግሉበት የነበረው ክብ አደባባይ እስካሁን አለ፤ ከደረጃው ላይ ሲቀመጡ ፊት ለፊት ውቅያኖስ የመሰለ ባሕር ነው። በቀን በሁለት ብር ያከራየችው ሞንሰራት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ክፍሉ ጣሪያው ሥር ነው፤ ከመስኮቱ የተሰጣ ልብስና ከልብሱ መሐል ሸርተት ያለች ባሕር ትታያለች።

“ምን ትበላ ነበር?” አለች ፀዳለ፤ ድምፅዋን ለመሞከር ያህል።

“ዳቦ ላይ ቲማቲም ያሹበታል እታለም፤ ዘይትና ጨው ጣል ያደርጉበታል። በቃ፤ ምሳ ነው። ማታ ማታ ዓሣ አጥማጆቹ ሽጠው የተረፋቸውን በርካሽ እገዛለሁ። ምግቡም ምናምኑም ሲደመር ሌላ ሁለት ብር። ውኃ የሚቀዳው ከአደባባይ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ውኃ የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ አለ፤ ሰይጣን ነው የሠራው ይላሉ። አውቶቡስ ነበረ፤ በእግሬ ሄድኩ። ባሕር ደግሞ አይከፈልበትም።”

“አይከፈልበትም” አሉ አጎቱ። “እውነት ነው። ለባሕር አይከፈልም።”

ሴትየዋ ሁለት ቋንቋ እንደነበራት ተናገረ። ማድ ቤት ውስጥ የራሷን፣ ደጅ ላይ የመንግሥትን። ኮፍያው እንደ ጥቁር ሣጥን የሚያብረቀርቅ ዘበኛ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ ከዐረፍተ ነገሩ መሐል ቋንቋ ትቀይራለች። ሙሉካ ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና “እንደኛ ናት” አለች፤ አቶ ተክለማርያም ዞረው ቢያይዋት መልሳ ያዘችው። ኃይለኢየሱስ ግን ለእሷ ብሎ ቀጠለ። በዓል ሲሆን ሰው በሰው ትከሻ ላይ ይቆማል፤ በዚያ ላይ ሌላው፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላው፤ ስድስት፣ ሰባት ፎቅ። ከታች መቶ ሰው ተቃቅፎ ይይዛቸዋል።

“ከታች ያለችው ሰውዬ ምን ትበላለች?” አለች ሙሉካ።

ኃይለኢየሱስ ሳቀ። የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

“ይህ በዓል መቼ ነው?” አሉ አቶ ተክለማርያም።

“በቡሄ ነው ጋሼ። ልክ በቡሄ ዕለት።”

አንዲት ዘመድ ሳል የመጣባት ይመስል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። አቶ ተክለማርያም ወደ አባ ወልደዮሐንስ ዞረው ቅንድባቸውን አነሱ፤ አላልኩዎትም? ለማለት ነው። ፀዳለ ያን ዕለት አስታወሰች። ልጆች በር ላይ ጅራፍ ሲያጮኹ እናቷ በጮኸ ቁጥር “መጣ?” ይሉ ነበር። ኃይለኢየሱስ ቶሎ ወደ ሌላ ወሬ ዞረ፤ ስለ ባሕሩ ጨው፣ ስለ አሸዋው ሙቀት።

ለብቻው ልታገኘው ሞከረች። ሱቁን ላሳይህ አለችው፤ እናቷ ከቤቱ ፊት ለፊት የከፈቷት ስኳርና ላምባ የሚሸጥባት ጠባብ ክፍል ናት፣ እሷው ናት የምትሠራባት። “ሱቁ የትም አይሄድ፤ ተቀመጪ” አሉ አጎቷ። እጁን ሊታጠብ ሲወጣ ማስታጠቢያ ይዛ ተከተለችው፤ አጎቷ ደረሱና “ስጪኝ፣ እኔ አስታጥበዋለሁ፤ የእህቴ ልጅ አይደለም?” ብለው ተቀበሏት። ሽንት ቤት እንኳ ሲሄድ ተነሥተው በሩ ላይ ቆሙ። ወፍራምና ልበ ሙሉ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን የሚሠሩትን ሁሉ ለእህታቸው ክብር የሚሠሩ ይመስላቸው ነበር። ምናልባት በአንድ በኩል እውነታቸውን ነው። እሳቸውም ቴሌግራሙን መከልከላቸው ሌሊት ሌሊት የሚያስነሣቸው ከሆነ፣ ጥፋቱን የሚሸከም ሌላ ሰው ማግኘት ነበረባቸው፤ የባሕሩ ካርድ ደግሞ በደህና ጊዜ መጣችላቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናብ ጀመረ። ቆርቆሮው ሲንጫጫ ኃይለኢየሱስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ። አሁን ከከተማው ወጥቷል። በባሕሩ ዳር ዳር ወደ ምሥራቅ ሄዶ አልታፉያ በምትባል መንደር አደረ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ሳሎው፣ ካምብሪልስ። ጀልባ ተከራየ። ፀዳለ መጀመሪያ አላስተዋለችም ነበር። ግን ሱቅ የዋለ ሰው ሳያስበው ይደምራል። ስድሳ ብር ነበረኝ ብሏል። ሁለት ለክፍል፣ ሁለት ለሆድ። ፍልሰታ ሲገባ ነው የደረስኩት ብሏል። ስለዚህ ገንዘቡ ከቡሄ እምብዛም አያልፍም። እሱ ግን ቡሄን ካለፈ ስንት መንደር ሆኖታል? በየመንደሩ ያድራል፤ በየመንደሩ ይበላል። በባዶ ኪስ ጀልባ ማን ያከራያል? ቀና ብላ አየችው። አንዲቱን መንደር በፊት የጠራበትን ስም ረስቶ በሌላ ስም ጠራት። ወጡ ፊት ለፊቱ ረግቷል፤ አልነካውም። እጁ ጉልበቱን ጨምድዶ ይዟል። የሚያየው ደግሞ የአጎቱን አፍ ነው። አጎቱ ሊናገሩ ከንፈራቸውን ሲያላቅቁ ሌላ መንደር ይጀምራል።

ያኔ ገባት። ያውቃል። ከጉድጓዱ ላይ እግሩን ካነሣበት ጊዜ ጀምሮ ያውቃል። እናቱ ታማ ጠበል ገባች የተባለ ልጅ፣ ያውም ኃይለኢየሱስ፣ ነገ ልሂድባት ሳይል፣ ማን አብሯት አለ ሳይል ይውላል? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሃያ ሰው ከሱ ይደብቃል፤ እሱ ከሃያው ይደብቃል። እያወራ ሳለ ማንም ሊነግረው አይችልም። እናቱን በየመንደሩ በሕይወት እያሳደረ፣ አንድ ሌሊት፣ አንድ ሌሊት፣ ነገን እያራቀ ነበር። ፀዳለ ከዚህ በፊት የፈራችው የሚነገረውን ነበር፤ አሁን የፈራችው ወሬው የሚያልቅበትን ሰዓት ነው።

“ከዚያስ?” አለች። “ከካምብሪልስ ወዲያስ ወዴት ሄድክ?”

ወንድሟ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት። “ከዚያ...” አለ። “ከዚያ ደግሞ እታለም፣ አንዲት ትንሽ መንደር አለች።” እሷም በጠየቀች ቁጥር እሱ አንድ መንደር ይጨምራል። እስኪመሽ ድረስ እንዲህ ተባብረው ሄዱ። ልትነግረው የቆረጠችውን ነገር ታውቃለች፤ ግን እሷም ያቺን ሌሊት ወደደቻት፤ እናቷ ገና ቡሌ ያሉባትን።

መብራት ሲበራ አቶ ተክለማርያም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። “በቃ። ልጁ ደክሞታል፤ ይተኛ። እኛም በማለዳ እንመለሳለን” አሉ። ዘመዶቹ እንደተባረረ በግ አንድ ላይ ተነሡ።

“ጋሼ፣ አንድ ጊዜ” አለ ኃይለኢየሱስ። ሻንጣውን ጎትቶ ሲባጎውን ፈታና ከሸሚዞቹ መሐል በክርታስ የተጠቀለለች ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። አፏ በሰም ታሽጓል፤ ውስጧ ንጹሕ ውኃ ነው። “እዚያ አገር ቅዱስ ማጊ የሚሉት አላቸው። በበዓሉ፣ በዚያው በቡሄ ዕለት፣ ከተራራ ላይ ከምንጩ በጋሪ አምጥተው ለሕዝቡ በነጻ ያድላሉ። ጠበላቸው ነው። ለእግርም ይሆናል አሉኝ። ለእማዬ ብዬ ነው የተሰለፍኩት።” ጠርሙሷን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ፊት ዘረጋት። “ጠበል ላይ ናት ብላችሁኛል። ማን ይወስድላታል?”

የተንቀሳቀሰ የለም። ቀኑን ሙሉ ሳይጨንቃቸው ሲዋሹ የዋሉ ሰዎች ናቸው፤ ውሸቱም ለደግ ነው። ግን ጠበል ተቀብሎ ለሞተ ሰው አደርሳለሁ ማለት ሌላ ነገር ነው፤ የፈረንጅም ቢሆን ጠበል ነው። አንዷ ዘመድ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። አባ ወልደዮሐንስ አንገታቸውን ደፉ። ጠርሙሷ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ስትዞር እያንዳንዱ ሰው ወደ ኋላ ሸሸት አለ።

“አስቀምጠው” አሉ አቶ ተክለማርያም በመጨረሻ። “ነገ ይደርሳል።”

“ነገ በማለዳ?” አለ ኃይለኢየሱስ።

አጎቱ ፊታቸው ተለዋወጠ። “አውቀሃል ማለት ነው” አሉ፤ እጃቸው ኪሳቸው ገባ። “ቀኑን ሙሉ እያወቅህ ነው እንዲህ የምታላግጥብን? ካወቅህማ ይህንንም አብረህ እወቅ! አንተ እዚያ ባሕር ውስጥ ስትንቦጫረቅ እናትህ...”

“አልጠራነውም!” አለች ፀዳለ።

ድምፅዋ ከራሷ ይልቅ ትልቅ ነበር። አጎቷ እጃቸውን አንሥተው “አንቺ!” ቢሏትም አላቆመችም። “ጋሼ አይንገሩት፤ እኔ ነኝ የምነግረው። እማዬ ሐምሌ ላይ ነው የተኛችው። ጋሼ ይደነግጣል፣ አይጠራ አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ። አንድ ቀን ቴሌ መስኮት ድረስ ሄጄ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ተመለስኩ። ምዬልህ ነበር። አንተ አልቀረህም። እኛ ነን ያስቀረንህ።”

ኃይለኢየሱስ ጠርሙሷን እንደያዘ ቆሟል።

“ጠርታኝ ነበር?” አለ።

አባ ወልደዮሐንስ ከአቶ ተክለማርያም ኋላ ሆነው ለፀዳለ ራሳቸውን ነቀነቁላት፤ አልጠራችህም በዪው፤ ውሸት አይሆንብሽም፤ እኔ እፈታሻለሁ፣ የሚል ነበር ፊታቸው። ቀላል ነበር። ለሁሉም የሚበጅ ነበር።

“እስከ መጨረሻው ድረስ” አለች ፀዳለ።

ወንድሟ ራሱን ቀስ ብሎ አወዛወዘ፤ ዕቃ ገዝቶ ዋጋው እንደተነገረው ሰው። ጠርሙሷን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ማንንም ሳያይ መናገር ጀመረ፤ በዚያው ቀኑን ሙሉ ባወራበት ድምፅ።

“ገንዘቤ ያለቀው ከቡሄ ትንሽ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ የነገርኳችሁ መንደር ሁሉ ውሸት ነው። የትም አልሄድኩም። የባቡሩ ቀን እስኪደርስ አሸዋው ላይ፣ ጀልባ ሥር ነው ያደርኩት። ሌላ ገንዘብ ነበረኝ። ሸሚዜ ውስጥ ሰፍቼው ነበር። ከጠራችሁኝ ቀን ሳልጠብቅ የምመጣበት ነው፤ ርቦኝም አልነካሁትም። ሮማ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ የሴትየዋን አድራሻ ትቼለት ነበር፤ ቴሌግራም ከመጣ እንዲያስተላልፍልኝ። ስለዚህ ከዚያች ከተማ መራቅ አልቻልኩም። ጠዋት ጠዋት ሴትየዋ በር እየሄድኩ መጣልኝ ወይ እላት ነበር። ኋላማ መንገዱ ላይ ገና ከሩቅ ስታየኝ እጇን ታወዛውዝልኛለች። የለም ለማለት ነው። እኔም ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። ካልጠሩኝ ደህና ናት እል ነበር።”

አቶ ተክለማርያም ያቺን ካርድ ግማሽ አውጥተዋት ነበር። መልሰው ሊከቷት ፈለጉና የኪሳቸው አፍ ጠፋባቸው። በሩ በኩል ሙሉካ ነጠላዋን ከአፏ አወረደችና በራሷ ቋንቋ፣ ከሆዷ ሥር በሚወጣ ድምፅ፣ ወይዘሮ የትምወርቅን በስማቸው እየጠራች አለቀሰች። አልነጋም፤ ሽማግሌም አልመጣም። ዝም በይ ያላት ግን የለም። ሌሎቹ ሴቶች አንድ በአንድ ሻሻቸውን ፈቱ።

ፀዳለ ከቆመችበት ፈቀቅ ብላ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ነጩን ቀሚስ ሰብሰብ አድርጋ ጠጋ አለችና አጠገቧ ለሰው የሚሆን ቦታ ለቀቀች። ኃይለኢየሱስ በፊቷ አልፎ ሄደ፤ ሙሉካ አጠገብ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠ፤ ራሱንም ትከሻዋ ላይ ጣለ።